የመሀሉ ቁራጭ

አባቴ የሞተ ለት ኮሂማ ዝናብ ነበረ፣
ቆርቆሮው ላይ ሲንኳኳ እስኪነጋ አደረ።
እናቴ አላለቀሰችም፤ ሣጥኗን ከፈተች፣
ጥቁር ፈትል፣ ቀይ ፈትል፣ አንድ በአንድ አወጣች።
«በምን እንሸፍነው?» አለች፣ ለራሷ ይመስላል፤
እዚህ አገር ሰው ሲሞት በልብሱ ይጠራል።

ኮረብታ በተሻገርክ ቁጥር ልሳን ይለወጣል፣
ዶቃው፣ ላባው፣ ቀበቶው፣ ሰላምታው ሌላ ይሆናል፤
የሎታን ሰው ልብስ መስመር የቆጠረ እንግዳ
ስንቴ ድግስ እንደጣለ ያውቃል ሳይገባ ጓዳ።

አባቴ ኮንያክ ነበር፣ ከሞን፣ ከጠረፍ መንደር፣
ፊቱ ላይ የተነቀሰ፣ ሰማያዊ ጥቁር ድንበር፤
ደረቱ ላይ ሁለት ትንንሽ የነሐስ ራሶች፣
ስለነሱ ስጠይቀው ዝም ያለኝ ብዙ ዓመቶች።
እናቴ አኦ ናት፣ አሬንላ፣ የሸማኔ ልጅ፤
ያገናኛቸው ናጋሚስ ነው፣ የገበያ ቋንቋ አማላጅ።
በሱ ተጣሉ፣ ታረቁ፣ ጨውና ቃሪያ ተዋሱ፤
በሕልም ግን ለየብቻ ወደየመንደራቸው ተመለሱ።

እኔ የተኛሁት መሀል ነው።

የኛ ሸማ መሥሪያ ምሰሶ የለውም፣ መርገጫ የለውም፤
አንዱ ጫፍ ከግድግዳ፣ ሌላው ከሴት ወገብ አይላቀቅም።
ወደ ኋላ ስትደገፍ ድሩ ይወጠራል፣
ስትተነፍስ ይተነፍሳል፣ ስታንቀላፋ ይላላል።
ስፋቱ እንደ ዳሌዋ ነው፤ ስለዚህ አንድ ሙሉ ልብስ
ሦስት ቁራጭ ተሰፍቶ ነው ከትከሻ እስከ ጉልበት የሚደርስ።

የግራውን ሠርታው ነበር፣ በአኦ ቀይና ጥቁር፣
የቀኙን እንደ ኮንያክ ወግ፣ አንድ ክረምት ባማቷ ቤት
ያየችውን ክር በክር ስትቆጥር፤
ሲታመም ጀምራው ኖሯል፣ ማታ ማታ፣ ተደብቃ።
የመሀሉ ቀረ።
ዓይኗ ደክሟል። ወደኔ አየች።

እኔ የባንክ ሠራተኛ፣ ብር ቆጥሬ የምኖረው፣
አርባ ዓመት የሞላኝ፣ ቁልፍ እንኳ መስፋት የማላውቀው።

መንገዱ ተንዶ ስለነበር ዘመድ ሦስት ቀን ዘገየ።
ታጠቅሁት። የቆዳው ቀበቶ የሷን ወገብ ቅርጽ ይዟል፤
ወደ ኋላ ተደገፍኩ፤ ድሩ እንደ ሰው ይስበኛል።
ማጉን ሳስገባ ተሳሳትኩ፣ ሁለት ክር ዘለልኩ፣
ልፈታው ስል እጄን ያዘች፤ «ተይው» አለች፤ ተውኩ።
ከዚያ ወዲያ ስህተቱ ጎበጠ፣ ጠመመ፣ ቀጠለ፣
እንደ ኮረብታ መንገድ ተጠማዞ እስከ ጫፉ ኮበለለ።

አጎቴ ዋንግሌም ደረሰ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣
የኤርኩም ላባውን በፌስታል ጠቅልሎ፣
የከርከሮ ክራንቻ አንገቱ ላይ፣ ካፖርቱ የበሰበሰ።
ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለ።
የግራውን ዳሰሰ፣ ራሱን ነቀነቀ፤
የቀኙን ዳሰሰ፣ ዓይኑ ራሰ፤
መሀሉ ላይ ጣቱ ቆመ።

«ይኸስ የየትኛው መንደር ጥለት ነው?»
አለ፣ በገበያው ቋንቋ።
«የኩሽናችን ነው» አለች እናቴ።

ፓስተሩ ደጅ ላይ ጃንጥላውን እያራገፈ ይጠብቃል።
እናቴ የነሐሶቹን ራሶች ከልብሱ በታች ከተተቻቸው፣
አጎቴ አይቶ እንዳላየ ሆነ፤
ከፌስታሉ አንድ ላባ መዘዘ፣
ጠማማዋ መስመር ላይ አጋደመው፣
ነጩ ወደ ራስጌ፣ ጥቁሩ ወደ ግርጌ።

ቀበርነው። ዝናቡ አላቆመም።
ማታ ልብሴን ስቀይር ወገቤ ላይ በመስታወት አየሁት፣
ቀበቶው የተወውን ቀይ ሰንበር፣
ከዳር እስከ ዳር፣
እንደ አባቴ ፊት።
ጣቴን አስኬድኩበት፤ ያቃጥላል።

በሳምንቱ ጠፋ።